በውሃው ሰዓት መጓዝ፦ ከሳቫና እስከ ኦኪፈኖኪ

ከአትላንታ፣ ከክላርክስተን ወይም ከዲኬተር ጠዋት የተነሳ ሰው ለምሳ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ይደርሳል። ሀይዌይ 75ን ይዞ እስከ ሜከን፣ ከዚያ ሀይዌይ 16ን ይዞ እስከ መጨረሻው መንዳት ነው፤ 250 ማይል ያህል ይሆናል። ሆኖም ብዙዎቻችን ዕረፍት ስናገኝ ፊታችንን ወደ ፍሎሪዳ እናዞርና የጆርጂያን ጠረፍ በመኪና መስኮት ብቻ አይተነው እናልፋለን። ይህ መመሪያ የተጻፈው ይህን ጠረፍ ቤተሰቡን ይዞ በቅጡ ማየት ለሚፈልግ ሰው ነው።

ጠረፉ አጭር ነው፤ 100 ማይል ያህል ብቻ። አሮጌ የወደብ ከተሞች፣ ከውቅያኖሱ ፊት ለፊት ተደርድረው የማዕበሉን ጉልበት የሚቀበሉ አሸዋማ ደሴቶች፣ ከደሴቶቹ ጀርባ የጨው ረግረግ፣ ወደ መሀል አገር ገባ ሲሉ ደግሞ ግዙፉ የኦኪፈኖኪ ረግረግ አሉበት። እነዚህን እንደ ተለያዩ መዝናኛዎች አይያዟቸው። ሳቫናን ካበለጸጓት ነገሮች አንዱ ሩዝ ነው፤ ሩዙ የበቀለው ረግረግ ውስጥ ነው፤ ማሳውን ያጠጣው የባሕሩ ሙላት ነው፤ ግድቡን የሠራው ደግሞ ከአፍሪካ በሰንሰለት ታስሮ የመጣ ሰው ነው። ስለዚህ ከከተማው ጀምረው በሩዝ እርሻው በኩል ወደ ደሴቶቹ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ረግረጉ ይሂዱ። አምስት ሌሊት ቢያገኙ ሳይጣደፉ ያያሉ። ሦስት ሌሊት ብቻ ካለዎት ከደሴቶቹ አንዱን መርጠው ሌሎቹን ለሌላ ጊዜ ያቆዩ።

ከመነሳትዎ በፊት

ጥሩው ጊዜ ከማርች እስከ ሜይ፣ ወይም ኦክቶበርና ኖቬምበር ነው። ጁላይና ኦገስት ሙቀቱ ከእርጥበቱ ጋር ተደምሮ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ይከብዳል። የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆነ በእነዚህ ወራት ሆቴል ሲይዙ የሚሰረዝና ገንዘብ የሚመለስበትን ይምረጡ። በማርች አጋማሽ የሴንት ፓትሪክ በዓል ሳቫናን በሰው ያጥለቀልቃታል፤ የሆቴል ዋጋም ይንራል። ያን ሳምንት ይዝለሉት።

ሁለተኛው ዝግጅት የባሕሩን ሰዓት ማወቅ ነው። ጣና ወይም ላንጋኖ ዳር ያደገ ሰው ውሃውን ማታ ትቶት የሄደበት ቦታ ጠዋት ያገኘዋል። እዚህ እንዲያ አይደለም። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ6 እስከ 9 ጫማ ስለሚደርስ ሲጎድል የቆሙበት ቦታ ሲሞላ አንድን ረጅም ሰው ሊያሰጥም ይችላል። ጠረፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ በመሆኑ የሚገባው ውሃ እየተጠራቀመ ከፍ ይላል። የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዡን የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ በአጭሩ ኖዋ የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ በነፃ ያወጣል። ለሳቫና አካባቢ ፎርት ፑላስኪ የሚለውን ጣቢያ ይፈልጉና የጉዞ ቀናትዎን ሰዓቶች ወረቀት ላይ ይገልብጡ። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚገፋ የትናንቱ ለዛሬ አያገለግልም። ከእርስዎ ጋር የሚጓዙት ወላጆች በአገር ቤት ሰዓት የሚያስቡ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉት፤ እዚህ አገር የስድስት ሰዓት ስህተት ጀልባ ያስመልጣል።

ሦስተኛው ጀልባ ማስያዝ ነው። ወደ ከምበርላንድ ደሴት በቀን የሚገባው ሰው 300 ያህል ብቻ ስለሆነ በጸደይ ወራት ቅዳሜና እሑድ ለመሄድ ካሰቡ ከሳምንታት በፊት ይያዙ። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ጀልባው በየቀኑ ስለማይሄድ መጀመሪያ ቀኑን ያረጋግጡ።

ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ብዙ አይደለም። ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ሸሚዝ፣ ባርኔጣ፣ ሊረጥብ የሚችል የተዘጋ ጫማ፣ የፀሐይ ቅባትና የትንኝ መከላከያ ይያዙ። በጸደይና በመጸው ነፋስ በሌለበት ሰዓት የሚወጡ፣ ዓይን የማያያቸው የአሸዋ ትንኞች አሉ፤ ንክሻቸው ለቀናት ያሳክካል። ጫካ ውስጥ ከገቡ ማታ የልጆቹን ገላ ለመዥገር ይፈትሹ።

ስለ ምግብ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ለጉዞው የሚመቹት ማርችና ኤፕሪል ብዙውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማሉ። የጠረፉ ምግብ ዝነኛ ነው፤ ግን ሽሪምፕና ኦይስተር የማይበላ ሰው አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ጎመን ሲያዩ ደስ ብሎዎት አይዘዙ፤ በዚህ አገር ጎመን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀቀለው ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው። የሳቫና ቀይ ሩዝ የሚባለውም እንደዚሁ ነው። ለጾመኛም ለሙስሊምም መጠየቁ ግዴታ ነው። መንገድ ዳር በትልቅ ድስት የሚሸጠው የተቀቀለ ኦቾሎኒ ግን ተራው በጨውና በውሃ ብቻ የበሰለ ስለሆነ ያለ ሐሳብ ይበሉት። ቆሎና ዳቦ ቆሎ መያዝም አይከፋም፤ ከምበርላንድ ላይ እንደሚጠቅም ወደ በኋላ ያዩታል።

ሳቫና

መኪናዎን አቁመው በእግር ይሂዱ። የጆርጂያ ቅኝ ግዛት መሥራች ጄምስ ኦግልቶርፕ እ.ኤ.አ. በ1733 ከተማዋን ሲቆረቁራት በአደባባዮች ዙሪያ ነደፋት። በኋላ ቁጥራቸው 24 ደርሶ ዛሬ 22ቱ አሉ። ከጆንሰን አደባባይ ተነስተው ቡል ጎዳናን ወደ ደቡብ ይያዙ፤ አምስት አደባባዮችን አቋርጠው ፎርሳይዝ ፓርክ ይደርሳሉ። ሁሉም ሜዳ ነው፤ በየጥቂት ደቂቃው ከትልልቅ የኦክ ዛፎች ሥር አግዳሚ ወንበር ስላለ ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባትን ለማንሸራሸር እንደዚህ የሚመች ከተማ በጆርጂያ አላውቅም። ከቅርንጫፎቹ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገው ስፓኒሽ ሞስ ይባላል።

በመንገድዎ ሁለተኛው አደባባይ ራይት ነው። የያማክሮ ሕዝብ አለቃ የነበረውና ኦግልቶርፕን በሰላም የተቀበለው ቶሞቺቺ የተቀበረው እዚህ ነው። በ1883 መቃብሩ በነበረበት ቦታ ላይ የአንድ የባቡር ኩባንያ መሥራች ሐውልት ተተከለ፤ ለቶሞቺቺ ማስታወሻ ትልቅ ድንጋይ የቆመለት ከዓመታት በኋላ፣ ከአደባባዩ አንድ ማዕዘን ላይ ነው። ሐውልቱን ብቻ አይተው እንዳያልፉ፤ ድንጋዩን ይፈልጉት።

ማዲሰን አደባባይ ላይ ያለው ግሪን-ሜልድሪም የተባለው ቤት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር አዛዥ የነበረው የጄኔራል ሸርማን ማረፊያ ነበር። ጃንዋሪ 12 ቀን 1865 ሃያ ጥቁር የሃይማኖት መሪዎች እዚህ ቤት ውስጥ ከጄኔራሉና ከጦር ሚኒስትሩ ጋር ተቀመጡ። ለሕዝባችሁ ምን ትፈልጋላችሁ ተብለው ሲጠየቁ፣ ቃል አቀባያቸው ቄስ ጋሪሰን ፍሬዚየር መሬት አግኝተን በጉልበታችን ማረስ ነው የምንፈልገው ሲሉ መለሱ። በአራተኛው ቀን ሸርማን ከሳውዝ ካሮላይና እስከ ፍሎሪዳ ያለው ጠረፍና ደሴቶቹ ነፃ ለወጡት ሰዎች እንዲከፋፈሉ አዘዘ፤ ለቤተሰብ እስከ 40 ኤከር። ያ ዓመት ሳያልቅ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን መሬቱ ለቀድሞ ጌቶቹ እንዲመለስ አደረጉ። ይህን ታሪክ ይዘው ወደ ደሴቶቹ ይሂዱ፤ እዚያ የሚያዩት የመሬት ጥያቄ ሁሉ ከዚህ ቤት ጋር የተያያዘ ነው።

ጊዜ ያለዎት ለአንድ ሙዚየም ብቻ ከሆነ ኦዌንስ-ቶማስ ቤትን ይምረጡ። ጉብኝቱ የባሪያዎቹን መኖሪያ ያካትታል፤ ገብተው ወደ ጣሪያው ቀና ይበሉ። ሰማያዊ ቀለም የተቀባው ክፉ መንፈስን ያርቃል ተብሎ ነው፤ የቀቡትም እዚያው ያድሩ የነበሩት ሰዎች ናቸው። ፍራንክሊን አደባባይ ላይ ያለው ፈርስት አፍሪካን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንም በአስጎብኚ ይታያል። ሕንፃው በ1859 ያለቀ ሲሆን የሠሩት በባርነት የነበሩ ምእመናን ናቸው። ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ ማታ ነው ያቆሙት። ወለሉ ላይ በቅርጽ የተደረደሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ እንደሚተርከው ከሥር ተደብቀው ወደ ነፃነት ለሚያመልጡ ሰዎች የአየር መተንፈሻ ነበሩ።

ወንዙ ዳር ያለው ሪቨር ስትሪት በዕቃ መርከብ ተጭኖ በመጣ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ደረጃውም ቀጥ ያለ ነው። ጉልበት ለሚያማቸው አይሆንም፣ ተረከዝ ላለው ጫማም እንዲሁ።

ፎርት ፑላስኪና ታይቢ

ከሳቫና ወደ ታይቢ ደሴት የሚወስደው መንገድ 80 ረግረጉን አቋርጦ ያልፋል። ባሕሩ ከወትሮው በላይ በሚሞላበት ቀን፣ በተለይ በመጸው፣ ውሃው አስፋልቱ ላይ ይወጣል። ወረቀትዎን አይተው ሙላቱ ጫፍ በሚደርስበት ሰዓት መንገድ ላይ አይሁኑ።

በመንገድዎ ፎርት ፑላስኪ የተባለው ምሽግ ላይ ይውረዱ። በኤፕሪል 1862 የሰሜኑ ጦር ከታይቢ ሆኖ በአዲስ ዓይነት መድፍ ደበደበው፤ አይደፈርም የተባለው 7 ጫማ ተኩል ውፍረት ያለው ግንብ በ30 ሰዓት ውስጥ ተሸነፈ። አስጎብኚው የጥይቶቹን ጠባሳ ያሳይዎታል፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት ጡቦቹን በቅርብ እንዲያዩ እለምንዎታለሁ። አንዳንዶቹ ላይ የጣት አሻራ አለ። ቡናማ ቀለም ያለው የሳቫና ጡብ የሚሠራው ወንዙ ዳር ባሉ እርሻዎች በባሪያዎች እጅ ነበር፤ ጭቃው ሳይደርቅ ከቅርጹ ሲያወጡት ጣታቸው ታትሞ ቀርቷል። አንዳንዱ አሻራ ትንሽ ነው። ልጆችዎን ይዘው ከሆነ ጣታቸውን አጠገቡ እንዲያስጠጉ ያድርጉ፤ ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ይገባቸዋል።

ታይቢ ላይ 178 ደረጃ ያለው የመብራት ማማ አለ፤ ከላይ ሆነው ረግረጉ በውሃ ጅማት ተከፋፍሎ ሲታይ የአካባቢውን አቀማመጥ በአንድ ዓይን ይጨርሱታል። ባሕሩ ላይ ግን አደራ። ሲጎድል የሚገለጠው የአሸዋ ሜዳ ሰፊና የሚያጓጓ ነው፤ ውሃው የሚመለሰው ከኋላ ዞሮ ስለሆነ በእግር ሄደው የሚቀሩ ሰዎች አሉ። ዋና የማይችል ሰው ከጉልበት በላይ አይግባ፤ ልጆችም ነፍስ አድን ጠባቂ ባለበት ክልል ብቻ ይዋኙ። ውሃው ወደ ጥልቁ ከጎተተዎት አይታገሉት፤ ከጠረፉ ጎን ለጎን ዋኝተው ከጅረቱ ሲወጡ ያን ጊዜ ወደ የብስ ይመለሱ።

ዴሪየንና የሩዝ ማሳው

ከሳቫና አንድ ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ ነድተው ዴሪየን ሲደርሱ ከሀይዌይ 95 ወጥተው አሮጌውን መንገድ 17 ይያዙ። ዴሪየን በ1736 በስኮትላንድ ሰዎች የተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ናት። በ1739 ነዋሪዎቿ ባርነት ወደ ጆርጂያ እንዳይገባ አቤቱታ ጻፉ፤ ባርነት በቅኝ ግዛቱ ለጥቂት ዓመታት ተከልክሎ ቆይቶ በ1751 ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከድልድዩ ማዶ ያዩታል። ቦታው በትለር ደሴት ይባላል፤ የሩዝ ወፍጮው የጡብ ጭስ ማውጫ ብቻውን ቆሟል። በማርች 1859 የዚህ እርሻ ባለቤት ፒርስ በትለር ዕዳውን ለመክፈል ከ400 በላይ ሰዎችን ሳቫና ወስዶ በሁለት ቀን ሸጠ። ዘሮቻቸው ያን ጊዜ የልቅሶ ጊዜ ብለው ይጠሩታል።

ሩዙ እንዴት ይመረት እንደነበር ለማየት ጥቂት ማይል ወደፊት ሄደው ሆፍዊል-ብሮድፊልድ የተባለውን የመንግሥት ታሪካዊ ሥፍራ ይጎብኙ። አሠራሩ ረቂቅ ነው። ባሕሩ ሲሞላ የወንዙን ጣፋጭ ውሃ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ያን ጊዜ የግድቡ በር ይከፈትና ማሳው ይጠጣል። በሩ ሲዘጋ ውሃው ይቀመጣል፤ ባሕሩ ሲጎድል ተከፍቶ ይፈስሳል። በሩን የሚጠብቀው ሰው ጣፋጩ አልቆ ጨዋማው የሚመጣበትን ቅጽበት ማወቅ አለበት፤ ከተሳሳተ ሰብሉ ይሞታል። ባለእርሻዎቹ ሩዝ አብቃይ ከሆነው የምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የመጡ ሰዎችን በተለይ ይፈልጉ የነበረው ጉልበታቸውን ብቻ ሳይሆን ዕውቀታቸውንም ለመውሰድ ነው።

ደሴቶቹ

ሳፔሎ ድልድይ የለውም። ጀልባው ከዴሪየን አጠገብ ካለው ሜሪዲያን ይነሳል፤ ለመሳፈር በተዘጋጀ ጉብኝት መመዝገብ ወይም የነዋሪ እንግዳ መሆን ያስፈልጋል። እኔ የምመክረው ነዋሪ የሆነ አስጎብኚ እንዲይዙ ነው፤ ገንዘቡም ታሪኩም እዚያው ይቀራል። ሆግ ሃሞክ በተባለው መንደር የሚኖሩት ጊቺዎች በደሴቱ በባርነት የኖሩት ሰዎች ዘሮች ናቸው፤ በሰፊው ስማቸው ጉላ ጊቺ ይባላሉ። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ እዚህ የኖረው ቢላሊ መሐመድ ከምዕራብ አፍሪካው ፉታ ጃሎን የተወሰደ የተማረ ሙስሊም ነበር። በአረብኛ ፊደል የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ዛሬ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። መንደሩ አሁን ጭንቅ ላይ ነው። የመሬት ግብር ጨምሯል፤ በ2023 የካውንቲው ምክር ቤት ትልልቅ ቤቶች እንዲሠሩ ፈቅዷል፤ ነዋሪዎቹም በዚህ ሰበብ ከአያቶቻቸው መሬት እንዳይገፉ ይሟገታሉ። ስለዚህ ቤቶቹን ያለ ፈቃድ ፎቶ አያንሱ። ከሣር የተሰፋ ቅርጫት የሚሸጥ ካገኙ ግን ይግዙ። ሣሩን እየጠቀለሉ ዙሩን በዙር ላይ መስፋት ለስፌት አዋቂ እናቶቻችን እንግዳ አይደለም፤ ሁለቱን ባለሙያዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ቢያጨዋውቱ ቋንቋ ብዙም አያስቸግራቸውም።

ጄክል ከልጆች ጋር ለማደር ይመቻል። ደሴቱ ከ1947 ጀምሮ የጆርጂያ መንግሥት ነው፤ በሕግ አብዛኛው መሬት ሳይነካ መቆየት ስላለበት የሆቴል ጫካ አልሆነም። መግቢያው ላይ በመኪና ይከፍላሉ። ሰሜን ጫፍ ያለው ድሪፍትውድ ቢች ባሕሩ እየቦረቦረ የጣላቸው የደረቁ ዛፎች ያሉበት ነው፤ በጉድለት ሰዓት ካልሄዱ የሚራመዱበት አሸዋ አያገኙም። ከሜይ እስከ ኦገስት ኤሊዎች ሌሊት ወጥተው እንቁላል ስለሚጥሉ ባሕር ዳር የስልክ መብራት አያብሩ፤ ቀን ደግሞ የታመሙት የሚታከሙበትን የኤሊ ማዕከል ለልጆቹ ያሳዩ። ደቡብ በኩል ሴንት አንድሩስ ባሕር ዳር ላይ የዋንደረር መታሰቢያ አለ። የባሪያ ንግድ በሕግ ከተከለከለ ከ50 ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 1858፣ ይህች መርከብ 400 ያህል አፍሪካውያንን በድብቅ ያወረደችው እዚህ ነው። በዘር መለያየት ዘመን ጥቁሮች እንዲዋኙበት የተፈቀደው የደሴቱ ክፍልም ይኸው ነበር።

ለከምበርላንድ ሙሉ ቀን ይስጡ። ጀልባው ከሴንት ሜሪስ ከተማ ተነስቶ 45 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ደሴቱ ላይ ሱቅ የለም፤ የሚበሉትን ይዘው ይሂዱ፣ ቆሻሻዎንም ይዘው ይመለሱ። ደንጀነስ በሚባለው ማረፊያ ወርደው በ1959 የተቃጠለውን የባለጸጋውን የካርኔጊ ቤተሰብ ቤት ፍርስራሽ ይዩ፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ ተሻግረው ዳር ዳሩን ወደ ሰሜን ይሂዱና ሲ ካምፕ ከሚባለው ማረፊያ ይሳፈሩ። አራት ማይል ያህል መንገድ ነው። የዱር ፈረሶቹ ይነክሳሉ፣ ይራገጣሉ፤ ልጆች እንዳይጠጉ። የመጨረሻው ጀልባ ማንንም ስለማይጠብቅ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ።

ኦኪፈኖኪ

ከሴንት ሜሪስ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ፎክስተን ይደርሳሉ። ረግረጉ ሦስት ዋና ዋና መግቢያዎች አሉት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው በምሥራቅ በኩል በስዋኒ ቦይ ይግባ። ቦዩ ራሱ ታሪክ ነው። በ1891 አንድ ኩባንያ ረግረጉን አንጠፍጥፎ እርሻ ሊያደርገው መቆፈር ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከስሮ ተወው። ቀጥሎ እንጨት ቆራጮች መጥተው ጥንታዊዎቹን የሳይፕረስ ዛፎች ጨረሱ። በ1937 ነው የዱር እንስሳት መጠለያ የሆነው። በቅርቡም አንድ ኩባንያ ዳር ላይ ማዕድን ሊያወጣ ተነስቶ ብዙ ሙግት አስነስቷል፤ በ2025 አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት መሬቱን ገዝቶ አስቆመው።

ጠዋት በማለዳ ይድረሱ። መጀመሪያ ከአስጎብኚ ጋር በሞተር ጀልባ ይውጡ፤ ከወደዱት ታንኳ ተከራይተው ይመለሱበታል፣ የሕይወት ጃኬት ሳያወልቁ። ውሃው እንደ ቡና የጠቆረ ይመስላል፤ በመስታወት ብርጭቆ ቢቀዱት ግን የሻይ ቀለም ነው ያለው፣ ከሚበሰብሰው ቅጠል የወጣ። ከሥር እስከ 15 ጫማ ጥልቀት ያለው የተክል ብስባሽ ተከምሯል፤ ጋዝ ሲያነሳው ቁራጩ ተገንጥሎ ይንሳፈፍና ሣር፣ ቆይቶም ዛፍ ይበቅልበታል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ሲረግጡ አጠገብዎ ያለው ዛፍ ይወዛወዛል።

ሁሉም ሰው ዓይኑን አሊጌተር ላይ ይተክላል። አሊጌተር ያያሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። አይመግቧቸው፣ ከታንኳ ውጭ እጅዎን አይስደዱ፣ ልጆችን ከውሃው ጠርዝ ያርቁ። ከዚያ ግን ጎንበስ ብለው ዳር ዳር ያለውን ባለ ቱቦ ተክል ይዩ። አናቱ ላይ ኮፍያ አለው፤ የኮፍያው ጀርባ ላይ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። ማሩን ፍለጋ የገባችው ነፍሳት ብርሃኑን መውጫ መስሏት ደጋግማ ትጋጨዋለች፤ ደክሟት ትወድቃለች፤ ወደ ታች የተቀሰሩት ፀጉሮች መልሳ እንዳትወጣ ይይዟታል፤ ተክሉም ይፈጫታል። መሬቱ ምግብ ስለሌለው ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ከሰዓት በኋላ ቼሰር ደሴት ላይ በእንጨት ድልድዩ ሄደው ማማው ላይ ይውጡ። ወደ አትላንታ የሚመለሱት በዌይክሮስ በኩል ከሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይውጡ፤ ማታ መንገዱ ላይ አጋዘን ይበዛል። ቤንዚን ፎክስተን ላይ ይሙሉ፤ ረግረጉ አካባቢ ማደያ የለም፣ ስልክም በየቦታው አይሠራም።